አመድ የለበሰው ሻደይ

ባለፈው ነሐሴ ልጃችን ከአባቷ ጋር ሰቆጣ ሄዳ ነበር። የሄዱት ለሻደይ ነው። ዋግ ኽምራን ለምታውቁ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለማታውቁ ግን፣ ሻደይ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች ነጭ ለብሰው፣ የሻደይ ሣር በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ከቤት ቤት የሚዞሩበት በዓል ነው። ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ቆቦ ላይ ሶለል፣ ትግራይ ውስጥ አሸንዳ ይባላል።

የባለቤቴ አያት ያን ዕለት በራቸው ላይ በርጩማ አስወጥተው፣ ጥበብ ያለውን ነጠላቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ልጃገረዶቹ መጥተው ጨፈሩላቸው። እርሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው በኽምጣና መረቋቸው። ልጄ ይህን ሁሉ በአዲሱ ስልኳ ቀረጸችው። ቪዲዮው አራት ደቂቃ ብቻ ነው። አያታችን ጥር ላይ አረፉ። በቤታችን ውስጥ ድምፃቸው ከነመልካቸው ያለው በዚያ ቪዲዮ ላይ ብቻ ነው።

ለአርባቸው ዘመድ ሲሰበሰብ እናሳያለን ብለን ቪዲዮውን ሳሎን ባለው ኮምፒዩተር ከፈትነው። ሁላችንም ዝም አልን። በስልኩ ላይ እንደ ጧፍ ያበራ የነበረው ነጠላ ግራጫ ሆኗል። የሻደዩ ሣር አረንጓዴነቱ ጠፍቶ የደረቀ ገለባ መስሏል። የአያታችን ፊት ደግሞ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ስልኩ ሞልቶባት ስለነበር ልጄ ቪዲዮውን ወደ ኮምፒዩተሩ ከገለበጠች በኋላ ከስልኳ አጥፍታዋለች። ያለን እሱ ብቻ ነው።

በፍላሽ ይዤ ወደ አንድ ቪዲዮ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው አየት አደረገና “ፋይሉ ተበላሽቷል፤ ቀይሬ አስተካክልልሻለሁ፤ ዋናውን ግን አጥፊው፣ ቦታ ይይዝብሻል” አለኝ። የተስተካከለውን ተቀብዬ ቤት ስከፍተው ግራጫው ቀንሷል፤ በምትኩ ነጠላው ጥበቡ የማይለይበት ነጭ ብራና ሆኗል፤ በበሩ ጥላ ውስጥ የነበረው ፊታቸውም ጠቁሯል። ዋናውን ሳላጠፋ መቅረቴ ብልሃት አልነበረም፤ ስንፍና ነው። ያ ስንፍና ግን አተረፈን። ፋይሉ አንዳችም አልተበላሸም ነበርና።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው። ብዙዎቻችሁ ቤት ይኸው ነገር እየሆነ፣ “ስልኩ ነው”፣ “ኮምፒዩተሩ አርጅቷል” እየተባለ የሠርግና የልደት ቪዲዮ እየተጣለ መሆኑን ከጓደኞቼ ሰምቻለሁ።

ኤችዲአር ምንድን ነው?

ከሰቆጣ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከደጋው ፀሐይ ወደ ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ነው የምታዩት። ጥቂት ቆይታችሁ ዓምዱን፣ ግድግዳውን ትለያላችሁ። ዞር ብላችሁ በሩን ስታዩ ደግሞ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። ዓይናችን ይህን ሁሉ ቀስ በቀስ ያስታርቃል። የድሮ ካሜራና ስክሪን ግን ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፤ ወይ ደጁ ይነጣል፣ ወይ ውስጡ ይጨልማል።

ኤችዲአር የሚባለው ጨለማውንም ብርሃኑንም በአንድ ሥዕል ለመያዝ የመጣ የቪዲዮ አሠራር ነው። የስክሪን ብርሃን የሚለካው በኒት ነው። አንድ ኒት ማለት በግምት የአንዲት ሻማ ብርሃን በአንድ ሜትር ካሬ ላይ ሲዳረስ ማለት ነው። የተለመደው ቪዲዮ የሚዘጋጀው ለ100 ኒት ያህል ነው። የኤችዲአር ቪዲዮ ግን 1,000 ኒትና ከዚያም በላይ ሊይዝ ይችላል። ቀለሙም ይሰፋል። የተለመደው ቪዲዮ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃዎች አሉት፤ ኤችዲአር አብዛኛውን ጊዜ 1,024 ደረጃዎች አሉት። ሲባዛ ከ16 ሚሊዮን ቀለም ወደ 1 ቢሊዮን ቀለም ማለት ነው።

ስሙ አንድ ቢሆንም ዓይነቱ ብዙ ነው። ኤችዲአር10፣ ኤችዲአር10 ፕላስ፣ ዶልቢ ቪዥን፣ እንዲሁም የእንግሊዙ ቢቢሲና የጃፓኑ ኤንኤችኬ ለቴሌቪዥን ሥርጭት ያዘጋጁት ኤችኤልጂ አሉ። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ስልኮች ደግሞ ሳይጠይቁን መቅረጽ ጀምረዋል። ለምሳሌ አይፎን ከ12ኛው ሞዴል፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ፣ ባለቤቱ ካልከለከለው በስተቀር ቪዲዮ የሚቀርጸው በኤችዲአር ነው።

አመዱ ከየት መጣ?

ከውጭ ለመጣ እንግዳ “ሦስት ሰዓት እንገናኝ” ብላችሁ ብትጽፉለት፣ እናንተ ጠዋት ስትጠብቁት እሱ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊመጣ ይችላል። የጻፋችሁት ቁጥር አልተበላሸም። የተነበበበት አቆጣጠር ነው የተለየው።

ቪዲዮም እንዲሁ ነው። የኤችዲአር ፋይል ከፍተኛዎቹን ቁጥሮች ለጠራ ፀሐይና ለሚያንጸባርቅ ብርሃን አስቀምጦ፣ የነጠላውን ነጭነት መሀል አካባቢ ይጽፈዋል። በድሮው አቆጣጠር የሚያነብ ፕሮግራም ግን ያንኑ ቁጥር አይቶ “ይህማ ግራጫ ነው” ይላል። ሰፊው ቀለምም በጠባቡ መስፈሪያ ሲነበብ ይገረጣል። አመዱ ይኸው ነው።

ቪዲዮ ቤቱም ያደረገው በተሳሳተው አቆጣጠር የተነበበውን እንደገና መጻፍ ነው። ግራጫውን ለመሸፈን ብርሃንና ጥቁረቱን ገፋው፤ በዚያ መካከል ጥበቡና ፊቱ ጠፉ። እንዲህ ከተጻፈ ቅጂ ወደ ዋናው መመለስ አይቻልም። ለዚህ ነው ዋናውን ማጥፋት የማይገባው።

ስድስቱ ቀለበቶች

ቪዲዮው ከነብርሃኑ ወደ ዓይናችሁ እንዲደርስ ስድስት ቀለበቶች መያያዝ አለባቸው። ቴሌቪዥንና ስልክ ላይ ሁሉንም አንድ ፋብሪካ አገጣጥሞ ስለሚሸጥ ችግሩ ጎልቶ አይታይም። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ግን ሣጥኑ ከአንዱ፣ ሞኒተሩ ከሌላው፣ ኬብሉ ከጎረቤት የመጣ ነው።

አንደኛው ፋይሉ ራሱ ነው። በቴሌግራም እንደ ተራ ቪዲዮ ከተላከ ታምቆ ይደርሳል፤ “እንደ ፋይል” ከተላከ ግን ሳይነካ ይደርሳል። ከአይፎን ወደ ኮምፒዩተር የምትገለብጡ ደግሞ በስልኩ የፎቶ ሴቲንግ ውስጥ “ኪፕ ኦሪጅናልስ” የሚለውን ምረጡ።

ሁለተኛው ማጫወቻው ነው። አሮጌ ማጫወቻ ኤችዲአርን አያውቀውም። በነፃ የሚገኘው ቪኤልሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው 3.0 ጀምሮ ያውቀዋል። ተራ ሞኒተር ካላችሁ የብርሃኑን ልክ ለሞኒተሩ አሳንሶ ያጣጥማል። ይህ ማጣጣም ቶን ማፒንግ ይባላል።

ሦስተኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ኤችዲአር አላቸው፤ ግን ማብሪያው ለብቻው ነው። ሴቲንግ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ ዲስፕሌይ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

አራተኛው ፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ካርዱ ናቸው። ገበያው ላይ የሚበዙት ሁለተኛ እጅ ኮምፒዩተሮች የቆየ ፕሮሰሰር አላቸው። ኢንቴል ከሆነ ከ7ኛው ትውልድ ወዲህ ያለው አዲሶቹን ቪዲዮዎች ያለ ድካም ይፈታል። ከዚያ በታች ያለው ሥዕሉን ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። መንቀጥቀጥና መገርጣት ግን ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

አምስተኛው ኬብሉ ነው። ዳርና ዳሩ ላይ ብሎን ያለው ሰማያዊው ቪጂኤ ኬብል ኤችዲአር ጨርሶ አያሳልፍም። ኤችዲኤምአይ ከሆነ 2.0ኤ እና ከዚያ በላይ፣ ዲስፕሌይ ፖርት ከሆነ 1.4 የሆነ መውጫና መግቢያ ያስፈልጋል።

ስድስተኛው ሞኒተሩ ነው። ከስድስቱ ገንዘብ የሚበላውም የሚያታልለውም እሱ ነው።

ሱቅ ስትሄዱ

ካርቶኑ ላይ “ኤችዲአር” የሚል ተለጣፊ ስላለ ብቻ አትግዙ። ብዙ ጊዜ ትርጉሙ “የኤችዲአር ምልክት ቢላክልኝ እቀበላለሁ” ማለት ነው፤ “አሳያለሁ” ማለት አይደለም። እንግዳ ተቀብሎ የሚያስቀምጥበት ወንበር እንደሌለው ቤት ነው።

ቬሳ የተባለው የስክሪን ደረጃ አውጪ ማኅበር ይህን ለመለየት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ዲስፕሌይ ኤችዲአር የሚባል ማረጋገጫ አወጣ። 400፣ 600፣ 1000 እያለ ይሄዳል፤ ቁጥሩ ስክሪኑ ለአፍታ የሚደርስበትን ብርሃን በኒት ይነግራችኋል። 400 ብዙም ከተራው አይለይም። ልዩነቱ ለዓይን የሚታወቀው ከ600 ጀምሮ፣ ያውም ከጀርባው ያለው መብራት በየክፍሉ ተለይቶ መደብዘዝ የሚችል ከሆነ ነው። ኦሌድ የሚባሉት ስክሪኖች እያንዳንዷን ነጥብ ለብቻ ስለሚያጠፉ ጥቁሩን ጥቁር ያደርጉታል። ሻጩን “ስንት ኒት ነው? ማረጋገጫው ስንት ነው?” ብላችሁ ጠይቁት። “ኤችዲአር ነው እኮ” ብቻ ከሆነ መልሱ፣ ተሰናብታችሁት ውጡ።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ። ደካማ ሞኒተር ላይ የዊንዶውሱን ኤችዲአር ብታበሩት ጽሑፉም ፎቶውም ሁሉ ሊገረጣባችሁ ይችላል። ልጆች ጌም ለመጫወት አብርተውት ረስተው ይሆናል። ዊንዶውስ 11 ላይ የዊንዶውስ፣ የአልትና የቢ ቁልፎችን አንድ ላይ ብትጫኑ ይበራል፣ ይጠፋል። በኢንተርኔት ፊልም የምታዩም ብትሆኑ፣ ለኤችዲአር ክፍያው፣ ብራውዘሩና ሞኒተሩ ሁሉም መግጠም እንዳለባቸው አትርሱ።

ቤታችሁ አሁን ምን ያድርግ?

መጀመሪያ፣ የገረጣ ቪዲዮ አይታችሁ ምንም አታጥፉ። ሁለተኛ፣ ቪኤልሲን አድሱና በእሱ ክፈቱት። ሦስተኛ፣ ቪዲዮውን በቀረጸው ስልክ ላይ መልሳችሁ እዩት፤ እዚያ ላይ ደምቆ ከታየ ፋይሉ ጤነኛ ነው። አራተኛ፣ ዋናውን በሁለት ቦታ፣ ለምሳሌ በኮምፒዩተርና በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ አስቀምጡ። ለዘመድ የሚላክ ተራ ቅጂ ማዘጋጀት ከፈለጋችሁ አሠሪው ሰው ኤችዲአርን ወደ ተራ ቪዲዮ መለወጥ ያውቅ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቅጂው ቅጂ ሆኖ ይቅር፤ ዋናውን አይተካም።

“ይህ ሁሉ ጣጣ ይቅርብኝ” የምትሉም አትሳሳቱም። ከስልኩ የካሜራ ሴቲንግ ውስጥ ኤችዲአር ቪዲዮን ማጥፋት ትችላላችሁ። ቪዲዮው ያኔ በአብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ተቀራራቢ ሆኖ ይታያል። እኔ ግን እንዳይጠፋ እመክራለሁ፤ በተለይ አገር ቤት ስትሄዱ። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ፀሐይዋ ብርቱ ነው፤ ልብሱ ነጭ ነው፤ ሽማግሌው የሚቀመጠው በር ጥላ ውስጥ ነው። ኤችዲአር የተሠራው ለዚህ ዓይነቱ ብርሃንና ጥላ ነው። ሞኒተራችን ዛሬ ተራ ቢሆንም ከዓመታት በኋላ የተሻለ ይመጣል። ያልተቀረጸ ብርሃን ግን ተመልሶ አይመጣም።

እኛ አዲስ ሞኒተር አልገዛንም። ልጄ ቪኤልሲውን አደሰችና ዋናውን ፋይል መልሳ ከፈተችው። ነጠላው ነጣ፤ ጥበቡም ተለየ። በጥላው ውስጥ ያለው ፊትም ታየ። በአርባቸው ዕለት ሃያ የሚሆን ሰው በዚያው በአሮጌው ሞኒተር ዙሪያ ተቀመጠ። ኽምጣና የሚሰሙት ምርቃቱን እየሰሙ “አሜን” አሉ። እኛ የማንሰማውም ከእነሱ ጋር “አሜን” አልን። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የባለቤቴ አክስት ናቸው። ወደ ስክሪኑ ቀረብ ብለው አዩና፣ “ይህን ጥበብ የሸመንኩላቸው እኔ ነኝ” አሉ። ቪዲዮ ቤቱ በሰጠኝ ቅጂ ላይ ቢሆን ኖሮ ያ ጥበብ አይታይም ነበር።

እባካችሁ ዛሬ ማታ ኮምፒዩተራችሁን ክፈቱና የገረጡትን ቪዲዮዎች አንድ በአንድ እዩ። ምናልባት አንዱም አልተበላሸ ይሆናል። ወር ሰው ይበለን።