ልጅ ዘንድ ሄዶ ለመክረም

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም እዚህ አንጋጫ የጎረቤት ደም ግፊት መለካት አልተውኩም። መለኪያውን ክንዳቸው ላይ አስሬ ሳለሁ ግን የብዙዎቹ ጥያቄ ስለ ደም ግፊት አይደለም። «ሲስተር፣ ልጄ መጥተሽ ክረሚ ይለኛል። ምን ዓይነት ቪዛ ነው የሚሰጡኝ? ስንት ጊዜስ ያስቀምጡኛል?» ይሉኛል። ጠያቂው እየበዛ ስለመጣ የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ጉዳይ ልስጠው።

ከአንጋጫም ሆነ ከዶዮገና፣ ከዱራሜም ሆነ ከሆሳዕና ወጣቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ ከጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያኔ ጢም ሳያወጡ የሄዱት ዛሬ የልጆች አባት ናቸው። አያት ደግሞ የልጅ ልጇን የምታውቀው በስልክ ነው። «ልጁ ራሱ ለምን መጥቶ አይጠይቃትም?» የሚል ይኖራል። ብዙዎቹ ልጆቻችን እዚያ የያዙት የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ነው፤ በዚያ ወረቀት አገር ቤት ደርሶ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ እናት ትምጣ ይባላል። እናትም የምትሄደው ሥራ ፍለጋ አይደለም። ምራቷን ለማረስ፣ የልጅ ልጅ ለማቀፍ፣ ሕፃኑ ከምባትኛ ወይም ሀድይኛ እንዲሰማ ነው።

እኔ ለሚጠይቁኝ ሁሉ መጀመሪያ የምመልሰው በጥያቄ ነው፤ «ልጅዎ የያዘው ወረቀት ምንድን ነው?» እላለሁ። አብዛኞቹ አያውቁም። «ወረቀት አለው» ብቻ ይላሉ። እናንተ ለምን ያህል ጊዜ እንደምትቆዩ የሚወስነው ግን ከእናንተ ፓስፖርት ይልቅ የልጃችሁ ወረቀት ነው። ይህን ሳያውቁ ባህር ዛፍ መሸጥ፣ በሬ መሸጥ፣ ከዕቁብ መበደር አያስፈልግም።

ከደቡብ አፍሪካ ልጀምር። ሳይሠሩ ለመቆየት የሚሰጡ ቪዛዎች የተለያዩ ናቸው። ተራው የጉብኝት ቪዛ እስከ 90 ቀን ነው፤ ቀኑ ሳያልፍ ከተጠየቀ አንድ ጊዜ ሊራዘም ይችላል። ከዚያ ረዘም ያለው የዘመድ ቪዛ የሚባለው ሲሆን እስከ ሁለት ዓመት ይሰጣል። ለዚህ ግን ጋባዡ ልጅ የአገሪቱ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆን አለበት። በተጨማሪም ለሚጋብዘው ለእያንዳንዱ ሰው በወር 8,500 ራንድ ማቅረብ እንደሚችል ያስረዳል። የጡረተኛ ቪዛ የሚባልም አለ፤ እሱ በወር 37,000 ራንድ የሚገባለት ሰው ይፈልጋል። የነርስ ጡረታዬን ይዤ ሳስበው ሳቄ ይመጣል፤ የእኛ ሰፈር ሰው ነገር አይደለም፣ እንለፈው።

እንግዲህ ልጃችሁ የያዘው የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ከሆነ የሁለት ዓመቱ የዘመድ ቪዛ አይሰጣችሁም። ደላላው «የቤተሰብ ቪዛ፣ ሁለት ዓመት» ብሎ ገንዘብ ሲቀበል የሚደብቀው ይህንን ነው። ቪዛው ሲመጣ የ90 ቀን ወይም ከዚያ ያነሰ ጉብኝት ይሆናል። እናት እንግሊዝኛ አታነብም፤ ልጅም አራት ዓመት አምስት ዓመት ካያት በኋላ በሦስተኛው ወር «ሂጂ» ማለት ይከብደዋል፤ «ቆይ፣ ምንም አይልም» ይላታል። ይላል። በደቡብ አፍሪካ ሕግ የተፈቀደለት ቀን ካለፈ በኋላ ከ30 ቀን በታች የቆየ ሰው ሲወጣ ለ12 ወር እንዳይመለስ ይታገዳል። ከ30 ቀን በላይ ካሳለፈ እገዳው 5 ዓመት ነው። በ65 ዓመት ዕድሜ 5 ዓመት ምን ማለት እንደሆነ እናንተም እኔም እናውቀዋለን።

አንዲት የማውቃቸው እናት ከዚህ የተሻለ አድርገዋል። የተሰጣቸው 90 ቀን ነበር። ልጃቸው እያለቀሰ በ85ኛው ቀን አውሮፕላን ላይ አሳፈራቸው። በንጹሕ ፓስፖርት ስለተመለሱ በሌላ ዓመት ጠይቀው እንደገና ሄዱ። ሁለት አጭር ጉዞ ከአንድ ረጅም መደበቅ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ያለ ወረቀት የቆየች እናት ደም ግፊቷ ቢነሳ እንኳ ሆስፒታል መሄድ ትፈራለች። ያን ፍርሃት እንደ ጤና ባለሙያ ከሁሉ በላይ እፈራዋለሁ።

እዚህ ላይ «ሳይሠሩ መቆየት» የሚለውን ቃል ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። የልጅ ልጅ ማቀፍ፣ ለቤተሰብ ወጥ መሥራት የቤት ነገር ነው። የልጃችሁ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ዕቃ መሸጥ ግን ሥራ ነው፤ ደመወዝ ባትቀበሉም ያስጠይቃል። የእኛ ሰው ደግሞ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይችልም። «ልጄ ዕቃ ሊያመጣ ሲሄድ ሱቁን ልጠብቅለት» ይባላል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ሕፃናት በተመረዘ ምግብ ከሞቱ በኋላ ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎዛ የሰፈር ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘው ነበር፤ ጊዜው በኋላ ተራዝሟል። ከዚያ ወዲህ በየሱቁ ቁጥጥር አለ። ተቆጣጣሪ ሲገባ ባንኮኒው ኋላ የጉብኝት ቪዛ የያዘች እናት ካገኘ ለእሷም ለልጇም መዘዝ ነው። ሱቁን ልጁ ይጠብቅ፣ እናንተ ቤት ዋሉ።

ወደ ካናዳ ልሻገር። ለወላጅና ለአያት ከማውቃቸው ሁሉ የሰፋው በር እዚያ ነው። ሱፐር ቪዛ ይባላል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ነው። ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በዚህ ቪዛ የገባ ወላጅ በአንድ መግቢያ እስከ 5 ዓመት መቆየት ይችላል፤ ቪዛው ራሱ እስከ 10 ዓመት ሊያገለግል ይችላል። መሥራት አይፈቀድም። ጋባዡ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የካናዳ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆን፣ መንግሥት ያስቀመጠውን ዝቅተኛ ገቢ ማሟላትና የግብዣ ደብዳቤ መጻፍ አለበት። ገቢው ሲቆጠር በቤቱ ያሉት ሰዎችና የሚመጡት ወላጆች ጭምር ይደመራሉ፤ ስለዚህ አምስት ልጅ ያለው ልጃችሁ ብዙ ገቢ ይጠየቃል። ቪዛው ለወላጅና ለአያት ብቻ ነው። «ታናሽ እህቱን ይዤ ልሂድ» አይሠራም።

ልጆች ከዓመታት በፊት ጥገኝነት ሲጠይቁ የሞሉት ፎርም ደግሞ አለ። በጭንቀት ሰዓት ወይም ደላላ መክሯቸው «ወላጆቼ ሞተዋል» ያሉ፣ የአባታቸውን ስም የለወጡ አሉ። ዛሬ «እናቴን ልጋብዝ» ሲሉ የቀድሞው ፋይል ይወጣል። ካናዳ ሐሰተኛ ማስረጃ አቀረበ የተባለን ሰው ለ5 ዓመት ታግዳለች። ይህን ልጃችሁን በስልክ ለመጠየቅ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ጠይቁት። ነገሩ ካለ ልጁ እዚያው አገር የሕግ ባለሙያ አማክሮ ያስተካክለው፣ ቪዛው ከዚያ በኋላ ይጠየቅ። ትንንሽ ስሕተቶችም አሉ። የልደት ምዝገባ በአገራችን በየቀበሌው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ የእኛ ዕድሜ ሰው የተወለደበትን ዓመት የሚናገረው በግምት ነው። ፓስፖርት ላይ አንድ ዓመት፣ ልጁ ፎርም ላይ ሌላ ዓመት ይገኛል። የኢትዮጵያ ዓመት ወደ ፈረንጅ ሳይቀየር የተጻፈም አይቻለሁ፤ እናት ከመጀመሪያ ልጇ በ10 ዓመት ብቻ የምትበልጥ ሆና ነበር።

አሜሪካን በአጭሩ። ለወላጅ የሚሰጠው የጉብኝት ቪዛ ነው። ቪዛው ላይ የተጻፈው ቀን የመግቢያ የመጨረሻ ቀን እንጂ የመቆያ ጊዜ አይደለም። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለእኛ አገር ሰው የሚሰጠው ቪዛ ሦስት ወር የሚያገለግልና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ሆኗል። ምን ያህል እንደምትቆዩ የሚወስነው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያለው መኮንን ነው፤ ብዙ ጊዜ 6 ወር ይሰጣል። የሰጣችሁን ቀን ልጃችሁ ከኢንተርኔት አውጥቶ አትሞ ግድግዳ ላይ ይለጥፈው።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። ለሱፐር ቪዛ ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሚያገለግል፣ ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የሕክምና መድን ይጠየቃል። ክፍያው በዕድሜና በበሽታ ይወጣል፤ ለእኛ ዕድሜ በዓመት ብዙ ጊዜ ከሺህ ዶላር ያልፋል። ልጆች ርካሹን ይገዛሉ። ርካሹ ግን ቀድሞ የነበረን በሽታ የማይሸፍን ሊሆን ይችላል። የሚሸፍነውም «የተረጋጋ» በሽታ ብቻ ነው የሚል ውል አለው፤ እንደ ኩባንያው 90 ወይም 180 ቀን ያለ ለውጥ መቆየት ይፈልጋል። የመድኃኒት መጠን መጨመርም መቀነስም እንደ ለውጥ ይቆጠራል። ሰዉ ደግሞ ልማዱ ነው፤ ሊሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው «ለመንገድ ልታይ» ብሎ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፣ መድኃኒቱም ይቀየርለታል። እዚያ ደርሶ ቢታመም መድኑ አልከፍልም ሊል ይችላል። ስለዚህ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለባችሁ ምርመራችሁንና የመድኃኒት ማስተካከያችሁን ከጉዞው ከስድስት ወር በላይ ቀድማችሁ ጨርሱ። በመጨረሻው ሳምንት ሐኪሙ መለወጥ አለበት ካለ ግን ለመድን ብላችሁ እንዳትከለክሉት፤ ለኩባንያው አሳውቁ እንጂ።

ካናዳ የሕክምና ምርመራም ትጠይቃለች፤ አዲስ አበባ ላይ የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት፣ አይ.ኦ.ኤም. የምንለው፣ ይሠራዋል። ሽንት፣ የቂጥኝና የኤች.አይ.ቪ. ደም ምርመራ፣ የደረት ራጅ አለው። በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው የሚደነግጠው በራጁ ነው። በወጣትነታችሁ ሳንባ ነቀርሳ ይዟችሁ ድናችሁ ከሆነ ጠባሳው ራጁ ላይ ይታያል። ያኔ በተከታታይ ሦስት ቀን አክታ ይወሰዳል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ተዘርቶ የመጨረሻ ውጤቱ እስኪታወቅ እስከ 8 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ይህ ክልከላ አይደለም። ትኬት ቀድሞ የቆረጠ ግን ይከስራል። የድሮው ሕክምና ካርድ ወይም የጤና ጣቢያ ወረቀት ካላችሁ ፈልጋችሁ ያዙ።

ወደ ደቡብ አፍሪካ ለሚሄድ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። ክትባቱ ቢያንስ ከመግባታችሁ 10 ቀን በፊት መሰጠት አለበት፤ አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ካርዱ ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል። ደላሎች ካርዱን ያለ መርፌ እንሸጥላችሁ ይላሉ፤ አትቀበሉ። አንድ የምጨምረው ነገር አለ። ክትባቱ ለብዙው ሰው ደህና ቢሆንም ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚከተቡ፣ ከባድ ጉዳት የማድረስ ዕድሉ ከወጣቱ ከፍ ይላል። ካንሰር ወይም የመከላከል አቅምን የሚያዳክም ሕመም ያለበት ሰው ሳይናገር እንዳይከተብ። ሐኪሙ አይሆንም ካለ የማስቀረያ ደብዳቤ ይጽፋል።

መድኃኒታችሁን ቢያንስ ለሦስት ወር የሚበቃ ያዙ፤ ከነማሸጊያው፣ በእጅ ሻንጣ። ሻንጣ ሊጠፋ ይችላል፤ ቡላውና ቅቤው ቢጠፋ ያናድዳል፣ የደም ግፊት ኪኒን ቢጠፋ ግን አደጋ ነው። ሐኪማችሁ በእንግሊዝኛ አጭር ደብዳቤ ይጻፍላችሁ፤ የበሽታው ስም፣ የመድኃኒቱ ሳይንሳዊ ስምና መጠን ይኑርበት። የንግድ ስም ብቻ ከተጻፈ እዚያ ያለው ፋርማሲ ላያውቀው ይችላል። በአውሮፕላን ውስጥም በየሁለት ሰዓቱ ተነስታችሁ ተራመዱ፣ ውኃ ጠጡ። እግራችሁ አንደኛው ብቻ ካበጠና ካመማችሁ ወይም ስትደርሱ ትንፋሽ ካጠራችሁ «የመንገድ ድካም ነው» ሳትሉ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

በሚቀጥለው ሳምንት ከእናንተ መካከል አንዱ ብቻ ሲሄድ አንጋጫ ለሚቀረው ለሌላው ማን ምግብ እንደሚያበስልለትና መድኃኒቱን ማን እንደሚያስታውሰው እንነጋገራለን።