አንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ስለሚያስከፍለው የደብረ ታቦር ጉዞ የቀረበ አቤቱታ

ለሚመለከተው የመንገድና የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት
ባለበት

ጉዳዩ፦ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ባለው መስመር መንገድ እየተቆረጠ፣ ከታሪፍ በላይ እየተጠየቀና ትርፍ ሰው እየተጫነ ስለመሆኑ አቤቱታ ማቅረብን ይመለከታል።

አመልካች የደብረ ታቦር ከተማ ነዋሪ ስሆን ሥራዬ ወረታ ነው። ቤቴ ደጋ፣ እንጀራዬ ፎገራ ሜዳ ላይ ስለሆነ በመካከላቸው ያለውን 42 ኪሎ ሜትር ጠዋት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። ለሕክምና ወይም ለጉዳይ ሲሆን ደግሞ እንደ ማንኛውም የአገሬ ሰው እስከ ባሕር ዳር እዘልቃለሁ። የማመለክተው ለራሴ ብቻ አይደለም። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከፋርጣ ገጠር መጥቶ በዚሁ መስመር የሚሳፈር፣ በደል ሲደርስበትም ማመልከቻ ለመጻፍ ጊዜውም አቅሙም የሌለው ብዙ ሕዝብ አለ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 አቤቱታ ማቅረብ መብት መሆኑ ተደንግጓል። አንቀጹን የጠቀስኩት ወረቀቴ መዝገብ ቤት ገብቶ እዚያው እንዳይቀር ሰግቼ ስለሆነ እንደ ድፍረት እንዳይታይብኝ እለምናለሁ።

ከሁሉ የከፋብን መንገድ መቆረጡ ነው። መኪናው ግንባሩ ላይ «ደብረ ታቦር – ባሕር ዳር» የሚል ታፔላ ሰቅሏል። ረዳቱም «የሞላ ባሕር ዳር! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። (አንድ ሰው የሚለው ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ ነው፤ እሱንስ ለምደነዋል።) ሒሳብ የሚሰበሰበው የዓለም ሳጋ ደን ሳይታለፍ ነው። ዓለም በር ታልፎ ወረታ ሲደረስ ሹፌሩ ዳር ይዞ ይቆምና «እዚህ ውረዱ፣ ሌላ መኪና ያደርሳችኋል» ይላል። አንዳንዴ መኪናው ተበላሽቷል ይባላል፤ አንዳንዴ ነዳጅ አልቋል ይባላል፤ አንዳንዴ ምክንያት የሚሰጥም የለም። ገንዘባችን ለሚቀጥለው መኪና ተላልፏል ተብለን እንሳፈራለን። ሐሙሲት ሳንደርስ ግን አዲሱ ረዳት እጁን ይዘረጋል። መጀመሪያ የከፈልነውና ከወረታ የምንከፍለው ሲደመር ደግሞ ከቀጥታው ጉዞ ዋጋ ይበልጣል።

ምክንያቱ ይገባናል። ወረታ የጎንደሩ አስፓልት ከወልድያው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። የሩዝ ነጋዴውም፣ ከአዲስ ዘመን የሚመጣውም መንገደኛ እዚያ ይሰበሰባል። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ያለው አገር ሜዳ ስለሆነ መኪናው ቶሎ ሞልቶ ቶሎ ይመለሳል። ወደ ደብረ ታቦር ግን ዳገት ነው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ስትሆን ደብረ ታቦር 2,700 ትደርሳለች። ያን ዳገት መውጣት ነዳጅም ጎማም ይጨርሳል። ሹፌሩ ሒሳቡን ሠርቶ ሜዳውን ቢመርጥ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነውና አልፈርድበትም። ታፔላ የሚሰጠውና ስምሪት የሚያወጣው አካል ግን ዳገት ላይ ያለውም ሕዝብ የሱ ኃላፊነት መሆኑን ሊዘነጋ አይገባም።

ባለፈው ክረምት ወረታ ላይ እንዲሁ ስንወርድ ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ከነፋስ መውጫ ወዲያ የመጡ ናቸው፤ ልጃቸው ወደ ባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎለታል። የሪፈሩን ወረቀት ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልለው በጉያቸው ይዘዋል። ሁለተኛው ረዳት «ሒሳብ» ሲላቸው «ልጄ፣ ከፍያለሁ እኮ» አሉት። «እማማ፣ ያኛው ሌላ መኪና ነው፤ እኔ የማውቀው የለም» አላቸው። የመቀነታቸውን ቋጠሮ ፈተው ብሩን ዘረጉና አንድ በአንድ ቆጥረው ሰጡት። «ለመመለሻ ያልኳት ነበረች» ያሉት ለኔ ነው። ተሳፋሪው አጉረመረመ፣ ሁለት ሰዎችም ጮኹ። ይሁን እንጂ መክፈላችንን የሚያሳይ ቁራጭ ወረቀት ከመካከላችን በአንዳችንም እጅ አልነበረም።

የአቤቱታዬ ሥር ይኸው የማስረጃ እጦት ነው። ታሪፍ በኪሎ ሜትር፣ በመኪናው ደረጃና በመንገዱ ዓይነት ተሰልቶ እንደሚወጣ እናውቃለን። ተሳፋሪው ግን የሚያየው የት ነው? እኔ በምሳፈርባቸው መኪኖች ውስጥ ተለጥፎ አላየሁም። ታሪፉ ረዳቱ የነገረን ነው። ጠዋት ሌላ ነው፣ ማታ ሌላ፣ በበዓል ዋዜማ ሌላ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሚገባበት ሳምንትማ አይነሳ። ቦርሳና ፍራሽ የጫነ ተማሪ ለራሱ ከከፈለው ያላነሰ ለዕቃው ሲጠየቅ አይቻለሁ። ይህንኑ ይዤ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። የተቀበሉኝ ሰው በጨዋነት አዳምጠውኝ ሲያበቁ «ማስረጃ ይዘሃል?» አሉኝ። ትኬት በማይቆርጥ መኪና ተሳፍሬ ማስረጃ ከየት ላምጣ? አዲስ አበባ በአንበሳ አውቶቡስ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው እንኳ ትኬቱን በእጁ ይዞ ነበር የሚወርደው። መንገድ መቁረጥማ እዚያም የታክሲዎች ልማድ ነው፤ ከተማው የኛ አርአያ ነው እያልኩ አይደለም። ትኬቱን ግን እንወደዋለን።

የባለ መኪኖቹን ችግር ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ ግፍ ይሆናል። በሐምሌ 2014 መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ከሌላው ተሽከርካሪ ላይ ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር ለሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች እንዲቀጥል ያደረገው ተሳፋሪው እንዳይጎዳ በማለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ነዳጅ ስንት ጊዜ እንደጨመረ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሹፌሮቹ ማደያ ወረፋ ላይ ከሚያድሩ ብለው በየመንገዱ ዳር በጀሪካንና በሃይላንድ ከሚሸጠው እንደሚገዙ ይነግሩናል፤ በዓይናችንም እናያለን። ታሪፉ የማያዋጣቸው ከሆነ ተጠንቶ ይከለስ። ማኅተም ያረፈበት ጭማሪ ቢመጣ ቅር እያለንም ቢሆን እንከፍላለን፤ ከረዳቱ አፍ የሚወጣውንስ እስከ መቼ?

ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን በተፈጠረው የጸጥታ ችግር መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናትም አሉ። በነዚያ ቀናት የሚነዳ ሹፌር ነፍሱን አስይዞ ነውና ስለ ዋጋው አልከራከርም። ነገር ግን መንገድ ሲዘጋ የተሰቀለው ዋጋ መንገድ ሲከፈት አይወርድም። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት እያለ ይለመድና መደበኛ ሆኖ ይቀራል። ይህን የሚከታተል አንድ ሰው እንኳ ቢመደብ ምን አለበት?

ስለ ትርፍ ጭነት ብዙ አልጽፍም፤ የትራፊክ ሕጉን ለእናንተ ማስተማር ድፍረት ይሆንብኛል። የማየውን ብቻ ልንገራችሁ። 12 ሰው በሚጭነው ሚኒባስ ውስጥ በወንበሮቹ መካከል በርጩማ ይደረደራል፤ ከጋቢናው ጀርባ ደግሞ ሁለት ሰው ለኋላው ሰው ፊቱን ሰጥቶ ይቀመጣል። ትራፊክ ከሩቅ ሲታይ ረዳቱ «ጎንበስ በሉ!» ይላል፤ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ጎንበስ ይላሉ። ትራፊኩ በሩን አስከፍቶ ሲጠይቅ ደግሞ ተሳፋሪው ራሱ «ትርፍ የለም» ብሎ ይመሰክራል። ይህ ለምን እንደሚሆን ይታወቅልን። መኪናው ከተያዘ ሹፌሩ ተቀጥቶ ነገ ይሠራል፤ እኛ ግን ጨለማ ላይ ዓለም በር ዳር እንቀራለን። ተሳፋሪውን የሚያደርስ ሌላ መኪና ሳይዘጋጅ የሚደረግ ቁጥጥር ተሳፋሪውን ከሕግ አስከባሪው ይልቅ ከሕግ ተላላፊው ጋር ያስወግነዋል። ትርፍ እንደተጫነም ወደ 900 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ እንወርዳለን።

መንገድስ ነበረን። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን መድፍ ሴባስቶፖልን ይዘው በ1860 ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲሄዱ ዳገቱን ያስጠረጉት፣ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ጭምር እያነሱ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ቻይናዎች መጥተው ወረታን ከወልድያ አገናኙ። ዛሬም ያ መንገድ አለ። የቸገረን መንገዱ ላይ የሚሠራ ሥርዓት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በ2008 አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረውን ዓይነት ባቡር አላልኩም፤ አዲስ አውቶቡስ እንዲገዛልንም አላልኩም። ከደብረ ታቦር ወረታ፣ ሐሙሲትና ባሕር ዳር ያለው ታሪፍ ሰው ሊያነበው በሚችል ፊደል ተጽፎ በየመናኸሪያውና በየመኪናው ውስጥ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ በድምፅ ማጉያ ይነገር። ለከፈለ ሰው የመኪናው የሰሌዳ ቁጥር፣ መነሻው፣ መድረሻውና ዋጋው ያለበት ትኬት ይሰጠው። ባሕር ዳር የሚል ታፔላ ሰቅሎ ወረታ ላይ ያወረደ ሹፌር የቀረውን ሒሳብ እዚያው ይመልስ፣ ስምሪቱም ይታገድ። የጠዋቱ የመጀመሪያ መኪና የሪፈር ወረቀት ለያዘ በሽተኛ ቅድሚያ ይስጥ። ትርፍ ጭኖ የተያዘ መኪና ሲቀጣ ተሳፋሪው በምን እንደሚደርስ አብሮ ይታሰብ። ወረታ መገንጠያው ላይ ክረምት ከበጋ ለሚቆመው ሕዝብ ደግሞ መጠለያ የሚሆን ቆርቆሮ ቢሠራለት ምስጋናችን ብዙ ነው፤ ይህን ግን እንደ ልመና እንጂ እንደ ሌሎቹ በመብትነት አላነሳሁትም።

ተቀባይነት ያገኘው ተለይቶ፣ ያላገኘው ምክንያቱ ተገልጾ ምላሹ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በማክበር እጠይቃለሁ። «እናየዋለን» የሚል የቃል መልስ ቀደም ሲል ስለተሰጠኝ አሁን በሱ አልመለስም። የጽሑፍ ምላሽ ካልደረሰኝ ይህንኑ አቤቱታ ከሌሎች ተሳፋሪዎች ፊርማ ጋር ለበላይ አካል አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
በደብረ ታቦር – ወረታ – ባሕር ዳር መስመር የሚመላለስ ተሳፋሪ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም