ያላገባ ማስረጃውን ማን ይሸከም?

መዝገቦቹ ይገናኙ

ቤቱን ሊሸጥ የፈለገ ያላገባ ሰው ከወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ያላገባ ማስረጃ አውጥቶ ወደ ውልና ማስረጃ ይሄዳል። ወረቀቱን የሚሰጠውም የሚቀበለውም መንግሥት ነው። ፖስተኛው ግን ባለጉዳዩ፤ የታክሲውንም የቀረበትን የሥራ ቀንም የሚከፍለው እሱ። ኃላፊው ስብሰባ ከገባ ደግሞ «ነገ ተመለስ» ነው።

ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2001 የመሥሪያ ቤቶችን መዝገብ የሚያገናኘውን ኤክስ-ሮድን ስትዘረጋ መዝገብ ሁሉ አንድ ቋት ውስጥ አልገባም። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን እንደያዘ፣ ሌላው ሲጠይቀው መልስ ይሰጣል። ውልና ማስረጃም ማወቅ ያለበት «አግብቷል ወይስ አላገባም» የሚለውን ብቻ ነው። እኛም ፋይዳ የተባለ ብሔራዊ መታወቂያ አለን። ሚያዝያ 2017 የተከፈተው የመሶብ ማዕከልም ብዙ ተቋማትን አንድ ጣሪያ ሥር አምጥቷል፤ መስኮት መደርደር ብቻውን ግን አይበቃም።

ባልደረባዬ ስለ ምስጢር ያነሱ ይሆናል። ወረቀት ምስጢር ይጠብቃል የሚል ሰው ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰልፎ አያውቅም።

አይቸኮል

የፎቶ ኮፒ ቤቱ እውነት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ስህተት ነው። ኃይሉ የሚባል ሰው አለ እንበል፤ ስሙን አንዱ መዝገብ በ«ኃ»፣ ሌላው በ«ሀ»፣ ሦስተኛው በ«ሐ» ጽፎታል፤ የልደት ቀኑን አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር። ዛሬ ስህተቱ እዚያው ቢሮ ይቀራል፣ ኃይሉም መስኮቱ ፊት ቆሞ ይሟገታል። መዝገቦቹ ሲገናኙ ግን ስህተቱ እሱ በሌለበት አምስት ቢሮ ይደርሳል። ላስተካክል ሲል «ሲስተሙ ነው፣ ከእኛ አይደለም» ይሉታል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የማስተካከል መብት ሰጥቶታል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ግን ራሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ሌላውን ቢሮ ምን ያህል ይደፍራል? እርስዎ ያደነቋት ኢስቶኒያ ደግሞ ዜጋው መዝገቡን ማን እንደከፈተው ገብቶ እንዲያይ ፈቅዳለች። ይህን ለምን ዘለሉት? የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ይጻፍ እንደነበር የምናስታውስ ሰዎች «ማን አየው?» ብንል አይፈረድብንም።

ምላሽ

መዝለሌ ልክ አልነበረም፤ መዝገቡን ማን እንደከፈተው የሚያሳየው መስኮት ለእኛም ይከፈት። የኃይሉ ስም ሦስት ዓይነት የሆነው ግን መዝገቦቹ ስላልተያዩ ነው። የፋይዳ ቁጥር «ሀ» እና «ሐ» የለውም። መዝገቡን የሚከፍተውን ሠራተኛ የሚመዘግብ ሥርዓት ይሠራ፣ በዚሁ ያላገባ ማስረጃም ይጀመር፤ ሕዝቡ እስከዚያ ወረቀት ተሸክሞ ይዙር የሚለውን ግን አልቀበልም።