የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ዋስ ያጣ ተበዳሪ

ይህ እትም የሚመረምረው ባንክ የማያምነው ሰው ሲቸግረው ከየት ይበደራል የሚለውን ጥያቄ ነው። በበለጸጉት አገሮች እንዲህ ያለው ተበዳሪ የሚሄደው ደመወዝ እስኪደርስ ድረስ በከፍተኛ ወለድ ወደሚያበድሩ ድርጅቶች ሲሆን፣ በሰሜን ሸዋ ግን ያንን ቦታ የያዘው አራጣ፣ ማለትም ሕግ ከፈቀደው በላይ ወለድ የሚታሰብበት ብድር ነው። የበልግ ዝናብ የቀረበት የአንኮበር ገብስ አምራችና ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ሠራተኛ በዚሁ አበዳሪ ደጅ ይገናኛሉ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በብድር ውል የሚወሰን ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ የወንጀል ሕጉም አራጣን ያስቀጣል። ይሁንና 10,000 ብር በወር 10 በመቶ የተበደረ ሰው በዓመት 12,000 ብር ወለድ ይጠየቃል፤ ይኸውም ሕጉ ከሚፈቅደው 1,200 ብር አሥር እጥፍ ነው። ከወለዱ መጠን የሚከፋው ግን ሰነዱ ነው፤ ወለዱ ከዋናው ገንዘብ ጋር ተደምሮ ተበዳሪው ሁሉንም እንደተቀበለ ተደርጎ በሚጻፍበት ጊዜ፣ ፍርድ ቤት ቢቀርብ እንኳ እውነቱን የሚያስረዳበት ወረቀት አይኖረውም።

የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ ያስፋፋው የቡድን ዋስትና፣ ማለትም ተበዳሪዎች አንዱ ለሌላው የሚዋሱበት ሥርዓት፣ መያዣ የሌላቸውን ብዙዎች ጠቅሟል፤ ጎረቤት ሊዋሰው የማይደፍረውን ድኻ ግን ከደጅ ያስቀራል።

አንባቢያን ማናቸውንም የብድር ሰነድ ከመፈረማቸው በፊት የተጻፈው ገንዘብ በእጃቸው ከገባው ጋር እኩል መሆኑን እንዲያረጋግጡ ዝግጅት ክፍሉ አጥብቆ ያሳስባል።