ከሚያብለጨልጨው እጀታ በፊት ጓንት ግዙ

ዛሬ የምጽፈው ስለ እጃችሁ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ሆመቾም ሆነ ሆሳዕና፣ ዱራሜም ብትሄዱ የምታዩት አንድ ነው። ቦክሰሩ ወይም ቲቪኤሱ ላይ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም ወርቃማ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታ ተገጥሟል። አጭር ነው፣ ያብለጨልጫል፣ "የውድድር" ይሉታል። የሚጨብጠው እጅ ግን ባዶ ነው። አቋሜን ከአሁኑ ልናገርና ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መጀመሪያ ጓንት፣ ቀጥሎ የተሰበረ ወይም የላላ እጀታ በልኩ መቀየር፣ ጌጡ ገንዘብ ከተረፈ ነው።

ለምን እጅ? ሰው ሲወድቅ ሳያስበው የሚዘረጋው እጁን ስለሆነ ነው። "እኛ እኮ አንፈጥንም፣ በ40 ነው የምንሄደው" የሚል አይጠፋም። እሺ፣ እናስላው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ማለት በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሰከንድ ብቻ በመዳፍህ ኮረኮንች ወይም ኮብልስቶን ላይ ብትንሸራተት ቆዳህ ምን እንደሚሆን ለመገመት ፊዚክስ አያስፈልግም።

ሌላም አለ። ከአውራ ጣት ሥር፣ አንጓው ላይ፣ አንዲት ትንሽ አጥንት አለች። በተዘረጋ እጅ ሲወደቅ ብዙ ጊዜ የምትሰነጠቀው እሷ ናት። የሚደርሳት ደም ትንሽ ስለሆነ ቶሎ አትገጥምም፣ መጀመሪያ በተነሳ ራጅ ላይ እንኳ ላትታይ ትችላለች። እኛ ደግሞ "ወለምታ ነው" ብለን ወጌሻ ጋ ሄደን እናሳሻታለን። ከወደቃችሁ በኋላ አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ስትዘረጉ ሥሩ ላይ ጎድጎድ የሚለው ቦታ ሲነካ የሚያምም ከሆነ ሐኪም ቤት ሂዱ፣ አታሳሹት። በሞተር ሥራ የሚተዳደር ልጅ እጁ ለወራት ከታሰረ የቤቱ ምጣድም አብሮ ይታሰራል።

አሁን ወደ ጓንቱ። ሱቅ ላይ በብዛት የሚሸጠው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሱፍ ጓንት ነው። ለብርድ ይሆናል፣ ሲወደቅ ግን ወዲያው ይበጣጠሳል፣ እጀታውም ላይ ያንሸራትታል። ሁለተኛው ከላይ በጣቶቹ መገጣጠሚያ ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው፣ መዳፉ ግን ስስ ጨርቅ የሆነው ነው። ሲታይ የወታደር ይመስላል። መሬት የሚነካው ግን መዳፍ ነው እኮ! ጓንት ስትገዙ ገልብጣችሁ መዳፉን እዩ።

አውሮፓውያን ለሞተር ጓንት ኢኤን 13594 የሚባል መለኪያ አላቸው። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው መሠረት ደረጃ 1 ጓንት በመፈተጊያ ማሽን ላይ ቢያንስ 4 ሰከንድ፣ ደረጃ 2 ደግሞ 8 ሰከንድ ሳይበሳ መቆየት አለበት። ገበያችን ላይ ይህ ምልክት ያለው ብታገኙ ጥሩ። ካጣችሁም፣ ምልክቱ የውሸት ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁም፣ በእጃችሁ ፈትኑት፦

1. መዳፉ ቆዳ ይሁን፤ በመዳፉ ሥር በኩል ድርብ ከሆነ የተሻለ ነው።
2. አንጓው ላይ ማሰሪያ ይኑረው። አስራችሁ ሰው በጣቶቹ ጫፍ በኩል ይጎትተው። ከወለቀ አትግዙት፤ ስትወድቁም ይወልቃል።
3. ለብሳችሁ እጃችሁን ጨብጡ። ጣት ላይ ትርፍ ጨርቅ ካለ እጀታው ላይ ይታጠፋል፣ ከጠበበ ደግሞ ያደነዝዛል።
4. ሞተር ላይ ተቀምጣችሁ ፍሬቻውንና ክላክሱን ሞክሩ። ጓንቱን ሳታወልቁ መንካት ካልቻላችሁ አይሆናችሁም።

የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ለጓንት በዓለም ገበያ ከሚፈለጉት አንዱ ነው፣ የጎልፍ ጓንት ሳይቀር ይሠራበታል። የጓንት ቆዳ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ልጆች ባዶ እጃቸውን ይነዳሉ! የበግ ቆዳ ስስ ስለሆነ ለሞተር መዳፉ ላይ የፍየል ወይም የከብት ቆዳ ይሻላል። እዚሁ ቆዳ የሚሰፉ ሰዎች አሉን፣ ጫማ ሰፊዎችም አሉን። በርካሽ የተገዛ የሥራ ጓንት ላይ የአንጓ ማሰሪያና ድርብ መዳፍ መስፋት የሚያቅታቸው አይመስለኝም። ከሥራ አጥነት ጋር ለሚታገል ወጣት እንዲያውም ንግድ ነው።

ለክረምት ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። ከቆዳው ጓንት ሥር ስስ የፕላስቲክ ወይም የሕክምና ጓንት ልበሱ፣ ውኃው ቆዳችሁ ጋ አይደርስም። በታኅሣሥ ማለዳ በዶዮገና በኩል ያለፈ ሰው ብርድ ጣትን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። የደነዘዘ ጣት ፍሬን የሚይዘው ዘግይቶ ነው።

እጀታው ላይ እንምጣ። በክፍል ውስጥ ስለ ሌቨር የተማራችሁት እዚህ ይሠራል። እንበል ከእጀታው ማዞሪያ ብሎን እስከ ሽቦው 3 ሳንቲ ሜትር፣ እስከ ጣታችሁ 12 ሳንቲ ሜትር ነው። ጉልበታችሁ 4 እጥፍ ሆኖ ሽቦውን ይስባል። አጭር እጀታ ገጥማችሁ ጣታችሁ 9 ላይ ቢያርፍ 3 እጥፍ ብቻ ይሆናል። በ10 ኪሎ ጉልበት የሚያዘው ፍሬን አሁን ከ13 ኪሎ በላይ ይፈልጋል። ከበድ ያለ ዲስክ ፍሬን ባላቸው የውድድር ሞተሮች ሁለት ጣት ይበቃል፣ አጭሩ የተሠራውም ለእነሱ ነው። የኛ ብዙዎቹ ሞተሮች የፊት ፍሬናቸው በሽቦ የሚሳብ ስለሆነ አራት ጣት የሚይዝ ሙሉ እጀታ ያስፈልጋቸዋል። ከኋላ ሰውና ጆንያ ጭናችሁ ወደ ጊቤ ቆላ ስትወርዱ ያቺ የጎደለች ጉልበት ትፈለጋለች።

ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አስተያዩ። የብሎኑ ቀዳዳ ሰፍቶ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዝ ከሆነ ተዉት። የሽቦው ራስ ቤቱ ውስጥ ሳይጣበቅ መዞር አለበት፤ ከተጣበቀ ሽቦው እዚያው ቦታ ይበጠሳል። ጫፉ ክብ ኳስ ይሁን፣ ሹል ጫፍ ሲወደቅ ሰውነት ይወጋል። ዲስክ ፍሬን ካላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፦ ልኩ ያልሆነ እጀታ ሳትጨብጡት ፒስተኑን ገፋ አድርጎ ከያዘ ፍሬኑ አይለቅም፣ ይግላል፣ መጨረሻ ላይ ጎማውን ሊቆልፈው ይችላል። ገጥማችሁ ስትጨርሱ ጎማውን አንሥታችሁ በእጅ አሽከርክሩ፣ የፍሬን መብራቱም መብራቱንና መጥፋቱን እዩ። ለፍሪሲዮን ብዙ አምራቾች እጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነጻ እንቅስቃሴ እንዲኖር ያዛሉ። እሱ ከሌለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ሸራውም ይቃጠላል።

ለአጭሩ እጀታ ወዳጆች አንድ ነገር እመርቃለሁ። ርቀቱ የሚስተካከል ሙሉ እጀታ ካገኛችሁ ዋጋው ይገባዋል። በተለይ እጃቸው ትንሽ ለሆነ፣ ሞተር ለሚነዱ እህቶቻችን ጭምር፣ ፍሬን ጋ በቀላሉ መድረስ የሕይወት ጉዳይ ነው። ይህ ጌጥ አይደለም።

በመጨረሻ ለአለቆችና ለባለ ሞተሮች። ለሠራተኛው ሞተር ሰጥቶ ቀበሌ ለቀበሌ የሚልክ መሥሪያ ቤት ከሄልሜቱ ጋር ጓንት ይጨምር። ሞተሩን ለወጣት አከራይቶ የቀን ገቢ የሚቀበልም እንዲሁ። ሞተሩ ቢጎዳ ጋራዥ ይገባል፤ ለልጁ እጅ ግን መለዋወጫ አይሸጥም።

ዛሬ ማታ ሞተራችሁን ስታቆሙ እጀታውን አንዴ ወዝወዝ አድርጉት፣ ጫፉንም ዳስሱት። ነገ ደግሞ የጓንት ዋጋ ጠይቁ። ሞተር የሚነዳ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ይህን አስነብቧቸው።