የወሊድ ስፌት ህመም ሁሉ «ያለ ነው» አይባልም

«ዶክተር፣ ከወለድኩ አስረኛ ቀኔ ነው፤ ልጄን ለማጥባት እንኳን መቀመጥ አልቻልኩም። ለቤተሰብ ስናገር ግን ‹ምጡን የቻልሽ ይሄን ያቅትሻል?› ይሉኛል።» እንዲህ ያለ መልዕክት በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰኛል።

በወሊድ ጊዜ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለው አካል ሊቀደድ፣ ወይም በባለሙያ በመቀስ ሊከፈት ይችላል። ከዚያ ይሰፋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ህመም የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን ምን ያህል እንደሚያም በከፊል የሚወስነው እኛ ባለሙያዎች የምንሰፋበት መንገድ ነው። ይህን ለእናቶች ስንናገር አልሰማም።

የፊንጢጣ ጡንቻን ላልነካ ቁስል ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንዱ እያንዳንዱን ስፌት ለየብቻ ቋጥሮ ክሩን መቁረጥ ነው። ሌላው በአንድ ክር፣ ሳይቆርጡና ሳያጠብቁ፣ ከውስጥ ጀምሮ ቆዳው ስር ድረስ መስፋት ነው። ቁስሉ ሲያብጥ የተቋጠረው ቦታ ይወጠራል፤ በተከታታይ ስፌት ግን ውጥረቱ በክሩ ርዝመት ይከፋፈላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣና 1542 እናቶችን ያሳተፈ የእንግሊዝ ጥናት እንዳሳየው፣ በአስረኛው ቀን ህመም የነበራቸው ለየብቻ በተቋጠረው 44 በመቶ፣ በተከታታዩ 26.5 በመቶ ነበሩ። ከ10 ዓመት በኋላ ከ8 ሺህ በላይ እናቶችን ያካተቱ ጥናቶች በአንድ ላይ ሲገመገሙም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ህመም በተከታታይ ስፌት ቀንሶ ተገኝቷል።

ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ክር ይበቃል። ስለዚህ ወጪው ነው ማለት አንችልም። «ድሮም እንዲህ ነው የምንሰፋው» የሚለው መልስ ለእኔ አይዋጥልኝም። እርግጥ ነው፣ ዘዴው ስልጠና ይጠይቃል፤ ያልለመደ እጅ በየትኛውም መንገድ ቢሰፋ ያሳምማል።

እናቶች፣ ስትሰፉ መርፌው ከተሰማችሁ ዝም አትበሉ፤ «ያመኛል፣ ማደንዘዣ ይጨመርልኝ» በሉ። መብታችሁ ነው። አባቶችና አያቶችም አጠገቧ ካላችሁ አግዟት እንጂ «ቻይው» አትበሏት።

ቤት ስትገቡ በመጀመሪያው ቀን በንጹህ ጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ10 ደቂቃ ያህል ያዙበት። ፓራሲታሞል ለሚያጠቡ እናቶች ይሆናል። ከሽንት ቤት በኋላ ከፊት ወደ ኋላ በንጹህ ውሃ ታጠቡ። ቅቤም ሆነ ቅጠል ቁስሉ ላይ አታድርጉ።

ህመሙ በየቀኑ እየባሰ ከሄደ፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ወይም መግል ከመጣ፣ ስፌቱ ከተከፈተ፣ ሰገራ ወይም ጋዝ መቆጣጠር ካቃታችሁ የስድስተኛውን ሳምንት ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ።