የጫካው ጭራቅ ማን ነው?

የካውቦይን ታሪክ ከሆረር ጋር ያጋቡ ፊልሞች አንድ ጥያቄ ሳይመልሱ አያልፉም፤ ጭራቁ ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኤስ. ክሬግ ዛለር «ቦን ቶማሃውክ» ሸሪፉን የሚያጋጥመው በዋሻ ከሚኖሩ ሰው በላዎች ጋር ነው፤ ክፋቱ ከዱር የመጣ ነው። አንቶኒያ በርድ በ1999 የሠራችው «ራቨነስ» ግን አሜሪካ ወደ ምዕራብ በተስፋፋችበት በ1847 በካሊፎርኒያ ተራሮች የሰፈሩትን ወታደሮች ራሳቸውን ሰው በላ ያደርጋቸዋል። የሰው ሥጋ በበሉ ቁጥር ይበረታሉ፤ ረሃባቸው ግን አይበርድም። ይህ ዘውግ ወደ አገራችን ከመጣ በካፋ ያለችውን ቦንጋንና ዙሪያዋን የመሰለ ቦታ አያገኝም፤ የሚበጀውም የአንቶኒያ በርድ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

የካፋ ንጉሣዊ ግዛት ጥቅጥቅ ባለ ደን፣ በጥልቅ ጉድጓዶችና በሚጠበቁ በሮች ተከልሎ ለዘመናት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1897 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የላከው የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ዘመተበት፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ለወራት ሲታደን ከርሞ ተያዘ። ከዚያ በኋላ የመጣው ከጦርነቱም ይከፋል፤ ገበሬው ገባር ሆነ፣ በባሪያ ፈንጋዮች የተነሣም መንደሮች ባዶ ቀሩ። ለአስፈሪ ፊልም ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? በካፋ መናፍስት ያናግሯቸዋል የሚባሉ ሰዎችን ለማስፈራሪያነት መጠቀም ግን ስንፍና ነው፤ የሕዝቡን እምነት ያዋርዳል፣ እውነተኛውንም አስፈሪ ነገር ይሸሽጋል።

ፊልም ልቦለድ ነው፣ ጭራቁ ከየትም ቢመጣ ምን ይጎዳል የሚል ይኖራል። «ቦን ቶማሃውክ»ም ቢሆን ሰው በላዎቹ ከእኛ ወገን አይደሉም የሚል የነባሩ ሕዝብ ተወላጅ ገጸ ባሕርይ አስገብቷል። አንድ ንግግር ግን ሁለት ሰዓት የታየን ምስል አያጥብም። በካፋ በአደንና በከሰል ሽያጭ የሚታወቁት ማንጆዎች ርኩስ የሚባል የዱር እንስሳ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ከጎረቤት ማዕድና ጋብቻ ተገልለው ኖረዋል። ከደን ወጥቶ ሥጋ የሚበላ ጭራቅ እዚያ ሲታይ ተመልካቹ የማንን ፊት እንደሚያስብ ግልጽ ነው። በቡዳነት ሲታሙ የኖሩ ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮችም የዚህን ዓይነቱን ተረት ዋጋ ያውቁታል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ዘማቹን ጭራቅ ማድረግ የቆየ ቁስል ቀስቅሶ ሕዝብን ከሕዝብ ያጋጫል ይባላል። ስጋቱን አልንቀውም። ሆኖም የ«ራቨነስ» ዋና ገጸ ባሕርይም ወታደር ነው፤ ሥጋውን ቀምሶ ኃይሉን አይቶ ከራሱ ረሃብ ጋር የሚታገል ሰው። ጭራቁ ዘር የለውም። የካፋ ነገሥታትም ባሪያ ይሸጡ ነበር፤ የተናቁትን ማንጆዎችንም የግዛታቸው በር ጠባቂ አድርገዋቸዋል። ሰውን እንደ ንብረት የመብላት ረሃብ ከጌታ ወደ ጌታ ሲተላለፍ የሚያሳይ ፊልም ማንንም ነጻ አያወጣም፣ ማንንም ለብቻው አይከስስም። ስለዚህ ዋናው ሰው ማንጆ በር ጠባቂ ይሁን፤ በካፋ ቋንቋ በካፊኖኖ ይናገር። ደኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ሁለቱም ወገኖች እንደ አውሬ የሚያዩትም እሱን ነው፤ ስለዚህ ሰው በላው ከየትኛው ወገን ቢነሣ ቀድሞ የሚለየው እሱ ይሆናል።